አበሉን ብላው እንጂ!

ባለፈው እትም ስለ ሻንጣ ሁለት መስመር ብጽፍ መዘዝ አመጣብኝ። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ጉዞ ሆነ፤ ለዚያውም ለሽርሽር ሳይሆን ለሥራ። ደብዳቤዎቹ ደግሞ በብዛት ከከተማው ዳር ዳር የመጡ ናቸው፦ ከገላን፣ ከሆለታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ። መጀመሪያ ገረመኝ፤ ኋላ ሳስበው ምኑ ይገርማል? ፋብሪካው እዚህ ነው፣ የአበባ እርሻው እዚህ ነው፣ መጋዘኑም እዚህ ነው። ማሽን ሊሠለጥን ቻይና የሚላከው ልጅ ቦሌ አይደለም የሚኖረው። እኔም ብሆን ሰበታ ነኝ። አንድ አስመጪ ድርጅት ግዢ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያን ጊዜ ሻንጣዬ አልጋ ሥር የሚገባበት ፋታ አልነበረውም። ስለዚህ እዚህ የምመልሰው አንብቤ ያወቅሁትን ሳይሆን ርቦኝ የተማርኩትን ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትቼዋለሁ፤ የረዘመውንም ደብዳቤ አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ነሽ? ገላን አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። 26 ዓመቴ ነው። ለሁለት ወር ሥልጠና ቻይና፣ ጓንጆ ሊልኩኝ ነው። አበል በቀን ይታሰብልኛል፤ ስንት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ግን ለእኛ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። ሐሳቤ ምን መሰለሽ? በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ አሽጌ እሄዳለሁ፣ እዚያ ምንም አልገዛም፣ አበሉን እንዳለ ይዤ እመለስና ለእናቴ ፍሪጅ እገዛለሁ። ሁለት ወር መቻል አያቅትም አይደል? ከእኔ በፊት የሄዱት ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረጉት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእናትህን ፍሪጅ ወድጄዋለሁ። ዕቅድህን ግን አልወደድኩትም።

የእኔም የመጀመሪያ ጉዞ እዚያው ጓንጆ ነበር፣ ዘጠኝ ቀን። ልክ እንዳንተ አስቤ ነው የሄድኩት። ሁለት ኪሎ በሶ፣ ቆሎ፣ አራት እሽግ ብስኩት። ጠዋት የሆቴሉን ቁርስ እቀማምሳለሁ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም የለም። ማታ በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ እተኛለሁ። ሦስት አራት ቀን ጀግና ነበርኩ። አበሉን ፖስታ ውስጥ አድርጌ በየማታው እቆጥረው ነበር፤ በእውነት ነው የምልህ፣ ከመጸለዬ በፊት እቆጥረው ነበር። በስድስተኛው ቀን አንድ የጅምላ ገበያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የበር እጀታ እየመረጥኩ ሳለ ጉልበቴ ከዳኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻጯ ሮጣ ወንበር አመጣችና በብርጭቆ የሚተን ነገር ሰጠችኝ። ሻይ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ ትኩስ ውሃ ነው። ቻይኖች ውሃ ሲጠጡ ትኩሱን ነው የሚወዱት፣ ለሆድ ጥሩ ነው ይላሉ። ቀጥላ የራሷን ምሳ ዕቃ ከፈተች። ጆው የሚሉት ነገር ነው፤ በብዙ ውሃ እስኪሟሟ የተቀቀለ ሩዝ። አጥሚት በለው። እናቴ ስታመም የምታጠጣኝ አጥሚት፣ ጓንጆ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ! እዚያው እያለቀስኩ ጠጣሁት።

ጉዱ ግን በዚያ አላበቃም። የዚያን ዕለት ከሰዓት የፈረምኩት ትዕዛዝ ላይ፣ ነሐስ መልክ ያለውን እጀታ ትቼ ብርማውን ምልክት አድርጌበት ኖሯል። ዕቃው አዲስ አበባ ሲራገፍ ነው ያወቅነው። አለቃዬ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም፣ መጽሔቱን ልጆችም ያነቡታል። አንተ ደግሞ የምትሄደው ፕላስቲክ ከሚያቀልጥ ማሽን አጠገብ ቆመህ ልትማር ነው። በባዶ ሆድ እጅህን የት እንደምትከተው አታውቅም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጥሩው ዜና፣ ቻይና ውስጥ ሳትራብ መቆጠብ ይቻላል። ብዙ ፋብሪካ ለሠራተኛው ካፍቴሪያ አለው፤ ሠልጣኙንም እዚያው ያበላሉ። ከመሄድህ በፊት «ምሳ አለ ወይ?» ብለህ አለቃህን በግልጽ ጠይቅ፣ አትፈር። ምሳ ካለ ዋናው ጣጣህ አለቀ። ከሌለም ምሳህን ትኩስ ምግብ አድርገው፣ በሶውንና ቆሎውን ለማታና ለመክሰስ ተወው። እኔ ከዚያ ጉዞ በኋላ ሁሌም እንደዚያ ነው ያደረግሁት፤ እየበላሁም ቢሆን ግማሹን አበል ይዤ ነው የምመለሰው። ፍሪጁ ትንሽ ቢያንስ ነው እንጂ አይቀርም።

ምን ልዘዝ ካልክ፣ «ፋንቺየ ቻው ዳን» በል። ቲማቲም በእንቁላል ነው። የእኛው እንቁላል ፍርፍር፣ ቃሪያው የቀረበት። በየቤቱ የሚሠራ የዘወትር ምግብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከሩዝ ጋር ያጠግባል። በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመንም በየቦታው አለ። ግን ተጠንቀቅ፤ እዚያ ዝም ብሎ «ሥጋ» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው፣ ጎመኑም ላይ ጣል ሊያደርጉበት ይችላሉ። «ቡ ያው ጁሮው» ማለት «አሳማ አልፈልግም» ነው። አጠራሬን የሰማ ቻይናዊ ሁሉ ይስቃል፣ ይግባባኛል ግን። የጓንጆ ምግብ ደግሞ አያቃጥልም። የሚያቃጥለው የሲችዋንና የሁናን ክፍለ አገሮች ምግብ ነው። ስለዚህ ሚጥሚጣ ያዝ፣ በትንሽ ዕቃ፣ ኪስህ ውስጥ። ሁለት ወር ሙሉ ወዳጅህ እሱ ነው።

እንጀራ ከናፈቀህ በጓንጆ ሻውቤይ የሚባለው ሰፈር ሂድ። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ነው፣ አበሻም አይጠፋም። በየቀኑ ግን አትሂድ፣ አበልህ እዚያ ነው የሚቀረው፤ እሑድ እሑድ ይበቃሃል።

ሁለት ነገር ሳትበር በፊት ጨርስ። አንደኛ፣ እዚያ ከመንገድ ዳር ሻጭ ጀምሮ በስልክ ነው የሚከፈለው፣ በአሊፔይ ወይም በዊቻት። ከባንክህ ለውጭ አገር ክፍያ የሚሆን ካርድ አውጣና እዚሁ ሆነህ ከመተግበሪያው ጋር አገናኘው። ጥሬ ገንዘብ ብትሰጥ ይቀበሉሃል፣ መልስ ፍለጋ ግን ሦስት ሱቅ ያዞሩሃል። ሁለተኛ፣ ቴሌግራምና ጉግል ቻይና ውስጥ ተዘግተዋል። እናትህ «ልጄ ጠፋ» ብላ ሰፈሩን እንዳታስለቅስ፣ በምን እንደምትገናኙ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ሽሮውን በተመለከተ ደግሞ፣ እባክህ በሆቴሉ የውሃ ማፍያ ውስጥ እንዳትሠራው። ይቃጠላል፣ ያስከፍሉሃል፣ ከአንተ በኋላ የሚገባውም እንግዳ ሻይው ሽሮ ሽሮ ይለዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሮፓ ውስጥ በትንሽ ምድጃ ቁሌት አቁላልቶ የእሳት ማንቂያው ጮኸ። ሌሊት ነው። ሆቴሉ በሙሉ በሌሊት ልብሱ መንገድ ላይ ወጣ፤ እሱም አብሮ ወጥቶ እንደማያውቅ ሰው «ምን ተፈጠረ?» ይላል። ጃኬቱ ግን ቁሌት ቁሌት ይሸታል።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ቲኬቴ ላይ 15 ቀን፣ 00:40 ይላል። ወንድሜ «15 ማታ ነው» ይለኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ «14 ማታ ነው» ትላለች። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ባለቤትህ። 00:40 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። በፈረንጅ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ፣ ለእኛ ገና «የ14 ማታ» የሆነው ለእነሱ 15 ሆኗል። ስለዚህ 14 እራትህን በልተህ ትወጣለህ። 15 ማታ ብትሄድ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የደረሰበት ሰው አውቃለሁ፤ ሙሉ ቤተሰቡ ሊሸኘው በሚኒባስ ተከራይቶ መጥቶ ነበር። ደግሞ 14 ያልከው የፈረንጁን መሆኑን እይ፣ የእኛን 14 እንዳይሆን። ከቱሉ ዲምቱ ሌሊት ታክሲ ማግኘት እንደ ቀን አይደለም፤ በስልክ የጠራኸው ሹፌር የኮብልስቶኑን መንገድ ሲያይ ሊሰርዝብህ ይችላል። ከሰፈር የምታውቀውን ሰው በቀን ተነጋገርና ያዝ። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመህ ድረስ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህት ዓለም። ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ህንድ፣ ባንጋሎር ልሄድ ነው፤ ጊዜው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። «ህንድ አገር ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ችግር የለም» አሉኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ መንገደኛ ብፈታው ምናለበት?

መልስ፦ መፍታት አለመፍታቱን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ፤ እኔ የምመልሰው ስለ ምግቡ ብቻ ነው።

«ሁሉም ጾመኛ ነው» ያሉሽ ግማሹ ልክ ነው። ህንድ ውስጥ ሥጋ የማይበላው ሰው ብዙ ነው፣ ምግብ ቤቱም ብዙ ነው። ግን የእነሱ ቬጀቴሪያን ከእኛ ጾም ጋር አይገጥምም። ወተት አለው። እርጎ አለው። ፓኒር የሚሉት አይብ አለው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ጊ ነው፣ የእነሱ ንጥር ቅቤ፤ ምስሩ ላይ፣ ሩዙ ላይ፣ ቂጣው ላይ ሳታዪው ጣል ይደረጋል። የታሸገ ዕቃ ላይም አረንጓዴ ክብ ነጥብ በአረንጓዴ ካሬ ውስጥ ታያለሽ፤ ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት ነው፣ ወተት የለውም ማለት ግን አይደለም። የእኛን ጾም የሚተካከለው ቃል «ቬጋን» ነው፤ የትም አገር ብትሄጂ ይህን አንድ ቃል ያዢ። ካልገባቸው በምልክት አታድክሚያቸው፤ «ጊ የለም፣ ወተት የለም፣ እርጎ የለም» ብለሽ በእንግሊዝኛ ቁጠሪላቸው። ባንጋሎር እንግሊዝኛ ይሠራል።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ባንጋሎር ደቡብ ህንድ ነው፣ ደቡቡ ደግሞ የዶሳ አገር ነው። ዶሳ የእንጀራ የአጎት ልጅ ነው። ሩዝና ጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ዘፍዝፈው ይፈጩትና ሌሊቱን ይቦካል፣ ጠዋት በጋለ ምጣድ ላይ ክብ አድርገው ያሰፉታል። ዓይን የለውም፣ ይንኮሻኮሻል፣ ግን ያ የኮምጣጣ ሽታ ሲመጣብሽ ልብሽ ሱሉልታ ይሄዳል። ከጎኑ ሳምባር የሚሉት የክክ ወጥ ይመጣል፣ አትክልት የገባበት። ዶሳውን «በዘይት ጋግሩልኝ» ብለሽ እዘዢ፣ አለዚያ ጊ ይቀቡታል። ኢድሊም ከዚያው ከቦካው ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ ቅባት ስለማይበዛበት ለጾም ይቀላል። በእጅ ነው የሚበላው፣ በቀኝ እጅ፣ እንደ ቤትሽ። ሻይ ካዘዝሽ ግን በወተት ፈልቶ ነው የሚመጣው፣ ቀድመሽ ተናገሪ።

የአውሮፕላኑንም ምግብ እንዳትረሺ። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ቲኬቱን የቆረጠልሽን ቢሮ «ቪ ጂ ኤም ኤል» አድርጉልኝ በያቸው፤ እንቁላልም ወተትም የሌለበት ማለት ነው። ይህን ያላደረገ ጾመኛ ዳቦውንና ሰላጣውን ለቃቅሞ ይወርዳል። እኔ ስንት ጊዜ!

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ከቡራዩ ነኝ። ከአጎቴ ጋር ለዕቃ ግዢ ዪው ልሄድ ነው። ቻይና ሐላል ማግኘት ከባድ ነው ይሉኛል፤ ሁለት ሳምንት በቱና ልክረም?

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም። ቱናውን ለድንገተኛ አንድ ሁለት ያዝ እንጂ ለሁለት ሳምንት አያስፈልግህም። ዪው ከየአገሩ ሙስሊም ነጋዴ የሚጎርፍበት ከተማ ነው፣ ሐላል ምግብ ቤቱም እንደዚያው ብዙ ነው። ሌላ ከተማ ብትሄድም «ላንጆ ላሜን» የሚሉትን ፈልግ፤ ሊጡን በእጃቸው እየሳቡ እየመቱ እንደ ክር የሚያቀጥኑት ኑድል ነው፣ በበሬ ሥጋ መረቅ። ቤቶቹ በአብዛኛው የሙስሊሞች ናቸው። ምልክቱ ሁለት የቻይና ፊደል ነው፣ «ቺንጀን» ተብሎ ይነበባል፤ ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ በዐረብኛ «ሐላል» ተጽፎበታል። የፊደሉን ፎቶ ስልክህ ላይ ያዝ፣ ለታክሲ ሹፌር ማሳየት ብቻ ነው። የሺንጃንግ፣ የምዕራብ ቻይና ግዛት፣ ምግብ ቤት ካገኘህ ደግሞ የበግ ጥብስ በእንጨት እየሰኩ፣ ከጠፍጣፋ ዳቦ ጋር ያቀርቡልሃል። እሱን የበላህ ቀን አጎትህን አመስግን። ለአውሮፕላኑ «ኤም ኦ ኤም ኤል» በል፣ የሙስሊም ምግብ ማለት ነው፣ እሱም ከ24 ሰዓት በፊት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው። ለአሥር ቀን ሆላንድ ሊልኩኝ ነው፤ የአበባ ጨረታውን እንድናይ። ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ልጆቼ ዩሮ በጥሬው አስይዘውኛል። ባለቤቴ ደግሞ ቋንጣና አንድ ጣሳ ቅቤ አዘጋጅታልኛለች። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ከባለቤትዎ ጋር አያጣሉኝ እንጂ፣ ቋንጣውና ቅቤው እቤት ይቅር። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር የመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። እንግሊዝም እንደዚያው ነው። ተፈትሾ ከተገኘ ይጣላል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። እኔ ጭኮ የተጣለባትን ሴት አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሠራተኛው በጓንት አንሥቶ ሲወረውረው እናቷ የሞተች ነው የመሰለችው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ ይያዙ። ከሚኒማርኬት ታሽጎ ስም የተጻፈበትን ይግዙ፤ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት ለፈታሽ ብዙ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ኢንሱሊኑ በምንም ምክንያት ታች ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይግባ። እዚያ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ይችላል፤ ሻንጣም ይጠፋል። በእጅዎ ይያዙት፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር፣ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ይሁን። ለቪዛው ያስገዙዎት ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ነው፤ ሰነዱን ሆቴል አይተዉት፣ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን።

የሆላንዶች ምሳ ያስገርምዎታል። ቀዝቃዛ ነው። ዳቦ፣ በላዩ አይብ፣ አለቀ። ሥራ አስኪያጁም እንደዚያው ይበላል፣ ንቀውዎት እንዳይመስልዎ። ለቁርስ ደግሞ ዳቦ በቅቤ ቀብተው የቸኮሌት ፍርፋሪ ይነሰንሱበታል፣ ትልቅ ሰው ሁሉ! እሱ ለእርስዎ አይሆንም። ካርነሜልክ የሚሉትን ግን ይሞክሩ፤ አሬራ ነው፣ ቁርጥ አሬራ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሞልቷል። ትኩሱ ምግብ እራት ነው፣ እራትም በእኛ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ዘግይተው ሆቴል ከገቡ ወጥ ቤቱ ሊዘጋብዎ ይችላል። ስለዚህ መርፌዎን ከምግቡ ጋር የሚያገናኙበትን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፣ በእጅዎም ሁልጊዜ የሚበላ ነገር ይኑር።

የሚጣፍጥ ነገር ካማርዎ የሱሪናም (ደቡብ አሜሪካ ያለች አገር ናት) ሰዎችን ምግብ ቤት ይጠይቁ፣ በየከተማው አለ። ሮቲ ይባላል። ሰፊ ቂጣ፣ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ የዶሮ ወጥ፣ እንቁላልም ጣል ይደረግበታል፣ እና በእጅ እየጠቀለሉ ነው የሚበላው። ዶሮ ወጥ በቂጣ ማለት እኮ ነው!

ስለ ዩሮው፣ ሆላንድ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሱቅ ያጋጥማል። «ካርድ ብቻ» ይላል በሩ ላይ። ኪስዎ ሙሉ ሆኖ ውሃ መግዛት ያቅትዎታል። ባንክዎ ሄደው ለውጭ የሚሆን ካርድ ያውጡ፣ ጥሬውን ጥቂት ብቻ ያስቀሩ። ውሃም ቢሆን መግዛት የለብዎትም፣ የቧንቧው ይጠጣል። ከገዙ ደግሞ ትንሿ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ 15 ሳንቲም መያዣ አለ፤ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ሲከቱት ይመልስልዎታል። አብረውኝ የሄዱት ልጆች የሰው ጠርሙስ ሁሉ ሰብስበው ነበር፤ እኔም አንድ ቀን አብሬያቸው ሰብስቤያለሁ፣ ለምን ይዋሻል።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ለስብሰባ ናይሮቢ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነው የሚመጣው። ሻንጣው ውስጥ ግን የሆቴል ስኳር፣ የሆቴል ሳሙና፣ ለእህቶቹ ጫማ፣ ለአክስቶቹ ሽቶ አለ። ለራሱ ምንም! ከተመለሰ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ድስት ይጠርጋል። ጠግቦ እንዲመለስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልሽ ለዘመድ ግብር ከፍሎ ነው የሚመጣው። የሚያስርበው ናይሮቢ ሳይሆን ለገጣፎ ነው፤ «ምን ይዘህልኝ መጣህ?» የሚለው ወገን። እኔ አንድ ጊዜ «ከአሁን በኋላ ስጦታ የለም» ብዬ ለዘመድ ሁሉ አስታወቅሁ። ሁለት አክስቶቼ እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። ከፋሲካ በኋላ ግን ታረቅን፤ አሁን ስሄድ «በሰላም ተመለሺ» ብቻ ነው የሚሉኝ። አንቺ ተናገሪላቸው፣ ለእሱ ይከብደዋል። ለምሳሌ «ዘንድሮ አበሉን ቀነሱበት» በይ። ውሸት ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉም አይደለም፤ ብዙ ስብሰባ ላይ ምሳው ከቀረበ ያን ያህል ከአበሉ ይቀነሳል።

ናይሮቢ ደግሞ ለመራብ የማይመች ከተማ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። በርካሽ ልብላ ካለም ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ አለለት። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ጠንከር ያለ፣ በእጅ እየቆረሱ የሚጠቀሙት። ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው፤ ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋው» ማለት ነው፣ ደመወዝ እስኪደርስ የሚገፋበት ምግብ ስለሆነ። ባልሽም ሳምንቱን ይግፋበት እንጂ በሆቴል ስኳር አይግፋው።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂው። ስንቁን በፌስታል ጠቅልለሽ እንዳትሰጪው። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ከኤርፖርቱ ጀምሮ ነው ክልከላው። ጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ያለው ዕቃ ተጠቀሚ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱም የእኛ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ነው፣ መቀየሪያ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ። በመንገድ የማይበላሽ ድርቆሽ እንዴት ነው የምሠራው? ባለፈው የሠራሁት ሻግቶብኝ ጣልኩት።

መልስ፦ የሻገተብሽ ሳይደርቅ ስላሸግሽው ነው። ሁልጊዜ እሱ ነው።

በደንብ የበሰለ፣ ስስ እንጀራ ምረጪ፤ ወፍራሙ ውስጡ እርጥበት ይደብቃል። የተጋገረበትን ቀን አሳድሪውና በማግስቱ በእጅሽ ቁረሺው፣ የአውራ ጣትሽን ጥፍር አንድ ሁለት እጥፍ አድርጊው። ሰፌድ ላይ ወይም ንጹሕ ነጠላ ላይ አስጪው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይደራረብ። ፀሐይ ካለ ሁለት ቀን፣ ደመና ከሆነ ሦስትና አራት ቀን ይፈልጋል። ማታ ማታ አስገቢው፣ የዳር ሰፈር ጤዛ መጥፎ ነው። መድረቁን በእጅ አታውቂውም፣ በጆሮ ነው፤ አንዱን አንሥተሽ ስትሰብሪው ቀጭ ካላለ ገና ነው። ተለጥጦ ከተበጠሰም ገና ነው። ከደረቀ በኋላ አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ትኩሱን ካሸግሽው ላብ ያወጣል።

ለማባያው ሽንኩርቱን በዘይት ደህና አድርገሽ አቁላይ፣ በርበሬውን ጨምሪ፣ ውሃው እስኪጠፋና ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ አታውርጂው። ውሃ ከቀረበት መንገድ ላይ ይኮመጥጣል። በጠርሙስ አድርጊና በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቢው፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ አዋዜም ሆነ ቁሌት አያሳልፉሽም፣ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጥሩት። እዚያ ስትደርሺ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ቁሌት፣ ትንሽ የፈላ ውሃ፣ ከዚያ ድርቆሹን። ክደኚና እስከ አምስት ቁጠሪ። ከዚያ በላይ ካቆየሽው ገንፎ ይሆናል።

ሲሰጣ ግን አጠገቡ ቁጭ በይ። እኔ ባለፈው ስልክ ለማንሣት ገብቼ ስወጣ የጎረቤት ዶሮዎች ግማሹን ጨርሰውት ነበር።